4 ቴራ የተባለው ዲስክ 1.63 ሲል፦ ሰውን ከመጠርጠራችን በፊት ቁጥሩን እንጠይቅ





የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሃርድ ዲስክ ነው። «የመስጂድ ሰዎች ከዲስክ ጋር ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገሩ ከሰው ሐቅ ጋር የተያያዘ ሆኖ ስላገኘነው ነው የጻፍነው።

ለመድረሳ፣ ለመስጂድ ወይም ለቤታችሁ ትልቅ ዲስክ ገዝታችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ቁጥር ያሳያችሁ ብዙዎች ናችሁ። በዚያች ቅጽበት ከአፍ ቀድማ የምትወጣ ቃል አለች፤ «ተበላን!» የምትል። ይህች ቃል አየር ላይ አትቀርም። ወይ ሻጩ ላይ ታርፋለች፣ ወይ ገዝቶ ያመጣው ሰው ላይ ታርፋለች። አንዳንዴ እውነት ትሆናለች። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩም ሙሉ፣ ሻጩም ታማኝ፣ ገዢውም ንጹሕ ሆኖ ሳለ ነው የምትነገረው።

እኛ መሐንዲሶች አይደለንም። መድረሳ ገብተን ኪታብ እየቀራን ያደግን፣ አሁን ኢማማችንን እያገዝን ደርስ በመቅረጽና በማስቀመጥ የምንኻደም ነን። ከዚህ በታች የምንነግራችሁም ከእጃችን ያለፈውንና አጣርተን ያረጋገጥነውን ነው።

■ የተፈጠረው ነገር

መስጂዳችን ውስጥ የብዙ ዓመታት ደርስ ተቀርጾ ተቀምጧል። የቀድሞዎቹ ወደ አኼራ የሄዱት ሸይኻችን ያስቀሯቸው ኪታቦች ናቸው፤ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጡ። ካሴቶቹ አሁን ግማሾቹ አይሠሩም፤ ክሩ እየተጣበቀ ይበጠሳል። የኋለኞቹ ደግሞ በቪዲዮ የተቀረጹ ናቸው። ሁሉም በፍላሽ፣ በሚሞሪ ካርድ፣ በሲዲና በሁለት ያረጁ ላፕቶፖች ላይ ተበትነው ነበር። ስንደምራቸው 2.1 ቴራባይት ገደማ ሆኑ። አንዱ ላፕቶፕ መንቋቋት ስለጀመረ ጊዜ አልነበረንም።

ጀመዓው አዋጣ። ከአዋጪዎቹ መካከል ጉልት ቸርችረው የሚኖሩ እናት ይገኙበታል። ለራሱ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ ወጣት ወንድማችን አደራውን ተቀበለ። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ከነደረሰኙ ይዞ መጣ። የገዛው ኮምፒውተር ውስጥ የሚገጠመውን ዓይነት ነው። ይህም በምክክር የሆነ ነው፤ ከውጭ በገመድ ከሚሰካው ስለሚረክስና መስጂዱ ውስጥ ለ500 ጊጋባይት ዲስክ ስንጠቀምበት የኖርነው አሮጌ ኬዝ ስላለ ነው።

ዲስኩን ኬዙ ውስጥ ከትተን ሰካነው። ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን የዊንዶውስ ክፍል ስንከፍት 1678 ጊጋባይት አለን። በቴራ ሲነገር 1.63 ማለት ነው።

የመስጂዱን ገንዘብ የሚይዙት ሐጂ አጠገባችን ነበሩ። «ልጄ፣ ያዋጣነው የአራቱን ነበር። ይሄ ሁለት እንኳ አልሞላም እኮ» አሉት። አልጮኹም፤ የያዙት የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ መጠየቅ አለባቸው። ልጁም «ሐጂ፣ ወላሂ የሰጡኝን ነው ያመጣሁት» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም።

ያ ንግግር ግን ቢሮው ውስጥ አልቀረም። ከዒሻ ሶላት በኋላ «የሁለቱን ገዝቶ ልዩነቱን ኪሱ ከትቶት ይሆናል» የሚል ወሬ በጫማ ማስቀመጫው አካባቢ ይሰማ ጀመር። በማግስቱ፣ ደርስ ላይ ሁልጊዜ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አየነው።

ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ «ዲስኩ ተመልሶ ሻጩ ይጠየቅ» የሚል ነው። ሌላው «ፎርማት አድርገን የሚበቃውን ያህል እንጫንበት» የሚል ነው። እኛ ሁለቱንም ለሁለት ቀን አዘግዩልን አልን። የመጀመሪያው ሳይጣራ ሰውን መክሰስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ 2.1 ቴራ በ1.63 ውስጥ አይገባምና ከሸይኻችን ደርስ የቱን እንደምንተው እንድንመርጥ ያስገድደናል። ደግሞም ልጁ ላይ የወደቀው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

■ መጀመሪያ የጠየቅነው፦ የዲስኩን ገላ

ዲስኩን ከኬዙ አውጥተን የተለጠፈበትን ወረቀት አነበብን። «4 ቴራባይት» ከሚለው በታች፣ በደቃቅ ጽሑፍ ኤልቢኤ የሚል ነገርና አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር ነበር፦ 7,814,037,168።

ይህ ቁጥር የዲስኩ ክፍልፋዮች ብዛት ነው። ዲስክ ዕቃ የሚያስቀምጠው በትናንሽ መደቦች ነው፤ ሴክተር ይባላሉ፣ በስሌት እያንዳንዳቸው 512 ባይት ይይዛሉ። ስለዚህ 7,814,037,168ን በ512 ስናበዛ 4,000,787,030,016 ባይት ይመጣል። አራት ትሪሊዮን ከነትርፉ ማለት ነው። ወረቀቱ እውነት ከተናገረ ዲስኩ ሙሉ ነው።

«ወረቀት ማንም ይለጥፋል» የሚል አይጠፋም፤ ልክም ነው። ስለዚህ ወደ ቀጣዩ ሄድን።

■ ቁጥሩ ራሱ የመሰከረው

የሚገርመው ኮምፒውተሩ ያሳየው ቁጥር ነው። ሌባ ዲስክ ቢቀይር የሚቀይረው በገበያ ላይ በሚገኝ መጠን ነው፤ በ1 ቴራ፣ በ2 ቴራ። 1678 ጊጋባይት የሚያሳይ ዲስክ ግን ገበያ ላይ አይሸጥም። ታዲያ ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። አሮጌ ዕቃዎች የሴክተርን ቁጥር የሚጽፉበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። በዚህ ቦታ ሊቆጠር የሚችለው 4,294,967,296 ሴክተር ነው። እያንዳንዱ 512 ባይት ሲሆን 2,199,023,255,552 ባይት ይሆናል፤ በኮምፒውተር አቆጣጠር ልክ 2 ቴራ። ዲስኩ ከዚያ በላይ ሲሆን ቆጣሪው ሞልቶ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ሙስበሓ የሚይዝ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። ባለ 33 ፍሬ ሙስበሓ የያዘ ሰው 50 ጊዜ ዚክር ቢያደርግ፣ ጣቱ የሚገኘው 17ኛው ፍሬ ላይ ነው። አንድ ዙር መጨረሱን ያላየ ሰው መጥቶ ፍሬውን ቢቆጥር «17 ብቻ ነው ያልከው» ይለዋል። ሰውየው ግን 50 ብሏል። የጠፋ ዚክር የለም፤ ያልታየ ዙር ነው ያለው።

አሁን ከዲስኩ ቁጥር ላይ አንዱን ዙር እንቀንስ። 7,814,037,168 ሲቀነስ 4,294,967,296፣ ቀሪው 3,519,069,872 ሴክተር ነው። በ512 አብዝተን ወደ ጊጋባይት ስንለውጠው 1678.02 ይመጣል። ኮምፒውተሩ ያሳየን ልክ ይኸው ነው!

እንግዲህ አጭበርባሪው ኬዙ ውስጥ ያለችው አሮጌ ሰሌዳ ነበረች ማለት ነው። ማጭበርበርም አንለውም፤ የምታውቀውን ያህል ቆጠረች። የተሠራችው እንዲህ ያለ ትልቅ ዲስክ ባልነበረበት ዘመን ነው።

■ ኬዙን ትተን በቀጥታ ስንገጥመው

ለማረጋገጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወንድማችን ጋ ዲስኩን ወሰድነው። ኬዙን ትቶ የዴስክቶፑን ሽፋን ከፍቶ በሳታ ገመድ በቀጥታ ገጠመው። ዊንዶውስ አዲሱን ዲስክ ሲያገኝ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ኤምቢአር ነው ወይስ ጂፒቲ? ይህ ጥያቄ የዲስኩን ማውጫ በየትኛው አጻጻፍ ልጻፍ ማለት ነው። እንደ ኪታብ ፊህሪስት አስቡት።

ወንድማችን ልዩነቱን በዓይናችን እንድናይ አስቀድሞ ኤምቢአርን መረጠ። ዲስኩ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ታየ። አንዱ 2048 ጊጋባይት፣ ሌላው 1678.02 ጊጋባይት። በሁለተኛው ላይ ምንም መፍጠር አይቻልም፤ ያልተመደበ ቦታ ሆኖ ደርቆ ይቀራል። ያቺው 1678 እንደገና መጣች! ልዩነቱ፣ ኬዙ የመጀመሪያውን ዙር ደብቆ ትርፉን ብቻ አሳየን፤ ኤምቢአር ግን የመጀመሪያውን ዙር ሰጥቶን ትርፉን ከለከለን።

ምክንያቱም አንድ ነው። ኤምቢአር የሚባለው ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣ ነው። የዚያን ጊዜ ዝነኛ ኮምፒውተር ይዞት የመጣው ሃርድ ዲስክ 10 ሜጋባይት ነበር። ለእነዚያ ሰዎች 2 ቴራባይት የማይደረስበት ሩቅ ነው። ለአንዱ ክፍል መነሻና ርዝመት መጻፊያ 32 ቢት ሰጡት፤ በቂ ነበር። ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ ማውጫ ግን 64 ቢት ስለሚጠቀም ዛሬ ገበያ ላይ ያለ የትኛውም ዲስክ አይሞላውም።

ዲስኩ ባዶ ስለነበር ወንድማችን የዲስኩን ስም በቀኝ ተጭኖ ወደ ጂፒቲ የሚቀይረውን መረጠ። ወዲያው አንድ ወጥ ቦታ ሆነ፦ 3725.90 ጊጋባይት። ፎርማት ሲያልቅ ኮምፒውተሩ 3.63 ቴራባይት አለ።

■ «ታዲያ 0.37ቱስ የት ሄደ?»

ሐጂ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም 1 ቴራ የገዛም 931 ጊጋባይት፣ 2 ቴራ የገዛም 1.81፣ 8 ቴራ የገዛም 7.27 ነው የሚያየው።

እዚህ ላይ የጠፋ ነገር የለም። አቆጣጠሩ ሁለት ነው።

ዲስክ የሚሠሩት ሰዎች በአሥር ይቆጥራሉ። ኪሎ 1000፣ ሜጋ ሚሊዮን፣ ጊጋ ቢሊዮን፣ ቴራ ትሪሊዮን። ዊንዶውስ ደግሞ በሁለት እጥፍ ነው የሚሄደው፤ ለእሱ ኪሎ 1024 ነው፣ ሜጋ ያ በ1024 ሲበዛ ነው፣ እያለ ይቀጥላል። በዚህ አቆጣጠር አንድ ቴራ 1,099,511,627,776 ባይት ይሆናል። 4,000,787,030,016ን ለዚህ ስናካፍል 3.63 ይመጣል።

በኪሎ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በ1000 ላይ 24 ብቻ። ነገር ግን በየደረጃው እየተባዛ ስለሚሄድ ቴራ ላይ ሲደርስ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። የድሮ ትናንሽ ዲስኮች ላይ ማንም ያላስተዋለው ለዚህ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራል። በፀሐይ አቆጣጠር 33 ዓመት የኖረ ሰው በሒጅራ 34 ሞልቶታል። አንዱን ዓመት ማን ጨመረለት? ማንም። ዕድሜው አንድ ነው፤ መቁጠሪያው ነው የተለየው። ቡና የሚነግዱ ወንድሞቻችንም ያውቁታል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ በፈረሱላ ግን 17 ኪሎው አንድ ስለሚሆን ስድስት አይሞላም። ከጆንያው ግን አንድ ፍሬ ቡና አልወጣም።

ጥፋት አለ ከተባለ ሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ይህን ለመለየት ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ለሁለተኛው አቆጣጠር «ቴቢባይት»፣ «ጊቢባይት» የሚሉ ስሞችን አጽድቋል። አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ማክ ኮምፒውተሮቹ በአሥር እንዲቆጥሩ አድርጓል። ያንኑ ዲስክ ማክ ላይ ብትሰኩት 4 ቴራ ይላችኋል። ዊንዶውስ ግን እስከ ዛሬ በሁለተኛው እየቆጠረ በመጀመሪያው ስም ይጽፋል።

■ ሐጂ ራሳቸው ደመሩት

በሁለተኛው ቀን ከመግሪብ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ልጁንም ጠራነው። እኛ ብዙ አላወራንም። የዲስኩን ወረቀትና አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ የጻፍነውን ቁጥር ሐጂ ፊት አስቀመጥን። በስልካቸው ካልኩሌተር ራሳቸው ቀነሱ፣ ራሳቸው አበዙ፣ ራሳቸው አካፈሉ። 1678 ሲወጣ መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ራቅ አድርገው እንደገና አዩት።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩና «አውፍ በለኝ፣ ልጄ» አሉት። ልጁ ጉልበታቸውን ሊነካ ጎንበስ ሲል ያዙት። «ትናንት የተወራው መስጂድ ውስጥ ነው፤ ዛሬም መስጂድ ውስጥ ይነገራል» ብለው ከዒሻ በኋላ ጀመዓውን አስቀምጠው በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ዲስኩ ሙሉ መሆኑን፣ ኬዙ አሮጌ መሆኑን፣ ልጁ አደራውን ማድረሱን። ጉልት የሚቸረችሩት እናት ከሴቶቹ ክፍል ሆነው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰማ።

ደርሶቹም በሙሉ ገቡ። ዲስኩ አሁን የሚገኘው መስጂዱ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በቀጥታ ተገጥሞ ነው። አሮጌው ኬዝ ለ500 ጊጋባይቱ ዲስክ አሁንም ያገለግላል።

■ እናንተ ጋ ቢከሰት፦ ቁጥሩን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የሚጎድለው ቁጥር ሁልጊዜ ምክንያቱን ይናገራል። ይህን አስቀምጡት፦

1ኛ. ከተጻፈው በ7 ወይም በ9 በመቶ ካነሰ፦ 500 የተባለው 465፣ 1 ቴራ የተባለው 931፣ 4 ቴራ የተባለው 3.63 ካለ፣ ዲስኩ ሙሉ ነው። የአቆጣጠር ጉዳይ ነው፤ ማንንም አትጠይቁ።

2ኛ. ልክ 2048 ጊጋባይት ወይም 2 ቴራ ላይ ቆሞ ሌላው ያልተመደበ ሆኖ ከታየ፦ ማውጫው ኤምቢአር ነው። ወደ ጂፒቲ መቀየር ይፈልጋል። ዕቃ ካለበት አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ በተለመደው የዊንዶውስ መንገድ ለመቀየር ዲስኩ ባዶ መሆን አለበት።

3ኛ. 3 ቴራ የተባለው 746 ጊጋባይት፣ 4 ቴራ የተባለው 1678 ጊጋባይት ካለ፦ ቆጣሪው ዞሯል። ችግሩ ኬዙ ወይም አሮጌ ድራይቨር ነው። በሌላ አዲስ ኬዝ ወይም በቀጥታ ገጥማችሁ ሞክሩ።

4ኛ. በጣም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ 128 ጊጋባይት አካባቢ ከቆመ፦ ይህም የዚያው ዘር ነው። የቀድሞዎቹ 28 ቢት ነበር የሚጠቀሙት። ዊንዶውስ ኤክስፒ የመጀመሪያው ማሻሻያ ሳይገባለት በፊት በዚህ ይቸገር ነበር።

5ኛ. ዊንዶውስ መጫኛ ሆኖ ያገለገለ ትልቅ ፍላሽ 32 ጊጋባይት ብቻ ካሳየ፦ ሌላው ቦታ አልተመደበም እንጂ አልጠፋም። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ታዩታላችሁ።

6ኛ. 0 ባይት ወይም ትርጉም የማይሰጥ ቁጥር ካሳየ፣ ወይም ዲስኩ የሚንቋቋ ከሆነ፦ እዚህ ላይ እጃችሁን አንሱ። ውስጡ የምትሳሱለት ነገር ካለ ንቀሉትና ባለሙያ ጋ ውሰዱ።

■ ሦስት ማስጠንቀቂያ

አንደኛ፦ ዕቃ ያለበትን ዲስክ ወደ ሌላ ኬዝ ወይም ኮምፒውተር ስታዛውሩ «ይህ ዲስክ ፎርማት ይደረግ?» ወይም «ኢኒሻላይዝ ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ እሺ አትበሉ። አንዳንድ ኬዞች የሴክተሩን መጠን ከ512 ወደ 4096 ለውጠው ስለሚያቀርቡት፣ በአንዱ የተሞላው በሌላው ባዶ ይመስላል። ዕቃው ግን አለ። ወደ ነበረበት ኬዝ መልሱት፤ ይታያችኋል።

ሁለተኛ፦ ቆጣሪው በሚዞርበት ኬዝ ላይ ምንም አትጻፉ። ከሁለት ቴራ በላይ ሊጽፍ የሄደ ነገር ዞሮ የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ያኔ አዲሱ ገባ ስትሉ አሮጌው ይደመሰሳል።

ሦስተኛ፦ እውነተኛ አጭበርባሪ መኖሩን አትርሱ። እሱ ግን የሚመጣው በተቃራኒው መልክ ነው። 16 ቴራ ተብለው በርካሽ የሚሸጡ ፍላሾችና ትናንሽ ውጫዊ ዲስኮች አሉ፤ ስትሰኳቸው የተባለውን ቁጥር አሟልተው ያሳያሉ። ውስጣቸው ግን ትንሽ ሚሞሪ ነው፣ ቁጥሩን እንዲዋሹ ተደርገው ነው የተዘጋጁት። ሲሞሉ ወይ አሮጌውን ይደመስሱታል ወይ አዲሱን ይጥሉታል። እነዚህን ለመለየት ዲስኩን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው የሚያነቡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ለዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ 3 ይባላሉ። ዲስኩ አዲስ መሆኑን ለማየት ደግሞ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግራችኋል፤ መጠኑንም በአሥር ቆጥሮ 4000.7 ጊጋባይት ብሎ ያሳያል።

አስተውሉ! ጎዶሎ ያሳየው ዲስክ ንጹሕ ሊሆን፣ ሙሉ ያሳየው ደግሞ ሌባ ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ መፍረድ የማይቻለው ለዚህ ነው።

■ በመጨረሻ

ለመስጂድና ለመድረሳ ዕቃ የምትገዙ ወንድሞችና እህቶች! ደረሰኝ ያዙ፤ የዲስኩን ወረቀት ፎቶ አንሱ፤ ሻጩ ፊት ሰክታችሁ እዩ። ይህ ሻጩን መጠርጠር አይደለም፤ ነገ ራሳችሁን ከጥርጣሬ መጠበቅ ነው። ደርስ የምታስቀምጡም አንድ ዲስክ አትመኑ። ቢያንስ ሁለት ኮፒ፣ ሁለት የተለያየ ቦታ ይሁን።

ላኪ የሆናችሁ ደግሞ፣ ኮሚቴም ሁኑ አባት፣ የላካችሁት ሰው ያመጣው ነገር የጎደለ ሲመስላችሁ ሁለት ቀን ስጡት። ለብቻው ጠይቁት፤ ቁጥሩን አስቆጥሩ፤ የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ከተበላችሁም ገንዘባችሁን በማስረጃ ትጠይቃላችሁ፤ በሁለት ቀን የሚያመልጣችሁ ነገር የለም። ካልተበላችሁ ግን አንድ ሰው በር አጠገብ ከመቀመጥ ተርፏል።

ዲስክ ቢበላሽ ኮፒ ይኖረዋል። የሰው ስም ግን ኮፒ የለውም።

ይህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሰው ካለ አድርሱለት። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁም የታያችሁን ቁጥርና ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ጻፉልን፤ አብረን እንቀንሳለን፣ ኢንሻአላህ።